ዲስኩ ባዶ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን «ሞልቷል» ይለኛል

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፤

እንደምን ሰነበታችሁ? የ29 ዓመት ሴት ነኝ። ለገጣፎ ውስጥ አንዲት ጠባብ ቪዲዮ ቤት አለችኝ። ሰርግና ክርስትና እቀርጻለሁ፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ የድሮ ካሴት ወደ ፍላሽ እገለብጣለሁ። ታናሽ ወንድሜ አብሮኝ ይሠራል።

ከወር በፊት ጎረቤታችን ጋሼ ስድስት ሚኒ ዲቪ የሚባል ትንሽ የቪዲዮ ካሴት ይዘውልኝ መጡ። የልጃቸው ሰርግ ነው፤ እሳቸው የፈለጉት ግን ሰርጉን አይደለም። ባለቤታቸው እትዬ ዓምና አርፈዋል። ሲናገሩና ሲስቁ የሚታዩት እነዚያ ካሴቶች ላይ ብቻ ነው። ለሙት ዓመታቸው ልጆቹ ሁሉ ሲሰበሰቡ እንዲታይ ብለው 3,000 ብር ቀብድ ሰጡኝ።

የመጀመሪያውን ካሴት ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኩ ካፕቸር ሳደርግ (ከካሜራው ስገለብጥ) 19 ደቂቃ ላይ ቆመና ቦታ የለም አለኝ። ዲስኩ ላይ እኮ 400 ጊጋባይት ባዶ ቦታ አለ! ሦስቴ ሞከርኩ፤ ሦስቴም እዚያው ላይ ቆመ። ሲቸግረኝ ወደ ላፕቶፑ ሲ ድራይቭ አዞርኩት። ሁለት ካሴት ገባልኝና አራት ቀን ቁጭ ብዬ ፕሪሚየር በሚባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራም አቀናበርኩ። ሦስተኛው ላይ ግን ሲ ድራይቭ ቀይ ሆነ፤ ላፕቶፑ ይጎተት ጀመር፤ ፍሬም (ከቪዲዮው አንዱ ምስል) ጠፍቷል የሚል መልእክትም መጣ። ዕቃ ልገዛ መገናኛ በሄድኩበት ወንድሜ «ቦታ ላስለቅቅላት» ብሎ ትልልቆቹን ፋይሎች አጠፋቸው። ስመለስ የሠራሁት ሁሉ «ሚዲያ ኦፍላይን» (ፋይሉ የለም) የሚል ቀይ ሥዕል ሆኖ ጠበቀኝ።

ለወንድሜ የማይባል ነገር ተናገርኩት። ይኸው ሳምንታችን፣ አንነጋገርም። ሙት ዓመቱ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ጋሼን መንገድ ላይ ሳያቸው ጥግ ይዤ አልፋለሁ። ቀብዳቸውን መልሼ ሌላ ቦታ ይውሰዱት ልበላቸው? በዚያ ላይ መብራቱ በምሠራበት ሰዓት ድርግም እያለ አስቸግሮኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ወ. ነኝ፣ ከለገጣፎ

ውድ ወ.፣

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስድስቱ ካሴቶች አሁን የት ናቸው? መሳቢያሽ ውስጥ ካሉ የእትዬም ሳቅ እዚያው አለ። ወንድምሽ ያጠፋው ግልባጩን ነው፤ ካሴቱን ኮምፒውተር አይነካውም። ስለዚህ ማንበቡን ለአፍታ አቁሚና ካሴቶቹን አውጪያቸው። በእያንዳንዳቸው ጠርዝ ላይ ትንሽ ተንሸራታች መዝጊያ አለች፤ «ሴቭ» ወደሚለው በኩል ግፊያት። እንዲህ ከሆነ የካሜራው መቅጃ ቁልፍ በስሕተት ቢነካ እንኳ አይቀዳበትም። በዚህ ሁሉ ውስጥ መመለሻ የማይኖረው አደጋ ያ ብቻ ነበር።

የአራት ቀን ልፋትሽም የጠፋ አይመስለኝም። ወንድምሽን፣ ኩርፊያው እንዳለ ሆኖ፣ ይህችን ጠይቂው፦ ሲያጠፋ «ሺፍት» ይዞ ነበር ወይ? «ሺፍት» ተይዞ የጠፋ ፋይል የተጣሉ ፋይሎች ማቆያ ወደሆነው ሪሳይክል ቢን አይገባም። ቢኑንስ ባዶ አድርጎታል? ሁለቱንም ካላደረገ ፋይሎቹ እዚያ ተኝተው ይሆናል፤ «ሪስቶር» ማለት ብቻ ነው። ቢኑ ባዶ ከሆነና የላፕቶፕሽ ዲስክ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ዲስክ) ከሆነ ግን የጠፋ ፋይል እናወጣለን ለሚሉ ገንዘብ አትክፈዪ። ኤስኤስዲ የተሰረዘውን ቦታ ብዙ ሳይቆይ ራሱ ያጸዳዋል፤ ተመልሶ የሚገኘው ጥቂት ነው።

ገንዘብ ሳያስወጣ የሚመልስልሽ ሌላ መንገድ አለ። ሚኒ ዲቪ ከምስሉ ጋር ታይምኮድ ይቀዳል፤ ሰዓት፣ ደቂቃ፣ ሰከንድ፣ ፍሬም። ካሜራውን ከኮምፒውተሩ በሚያገናኘው በፋየርዋየር ገመድ ፕሪሚየር ውስጥ ካፕቸር ስታደርጊ የፕሮጀክት ፋይሉ የእያንዳንዱን ክሊፕ (የተቀዳ ቁራጭ) መነሻና መድረሻ ታይምኮድ ከካሴቱ ስም ጋር ይመዘግባል። ወንድምሽ የለቀመው ትልልቆቹን ነው። የፕሮጀክት ፋይል ትንሽ ነው፤ ስለዚህ አልነካውም። የት ቆርጠሽ የት እንደቀጠልሽ ሁሉ እዚያ ውስጥ ተጽፏል።

ፕሮጀክቱን ስትከፍቺ ፋይሎቹ የት እንዳሉ ይጠይቅሻል፤ «ኦፍላይን ኦል» በዪውና ይከፈት። በፕሮጀክት ፓኔሉ ላይ የጠፉትን ክሊፖች ምረጪና ኤፍ6 ተጫኚ፤ «ባች ካፕቸር» ይባላል። ፕሮግራሙ ካሴቱን በስሙ ይጠራልሻል፤ ታስገቢለታለሽ፤ ካሜራውን ራሱ ወደ ቦታው እየወሰደ ያንኑ ክሊፕ መልሶ ይቀዳል፤ ቅንብርሽም ሕይወት ይዘራል። መጀመሪያ በአንድ አጭር ክሊፕ ሞክሪው። ሁለት ቦታ ላይ ሊያስቸግርሽ ይችላል። አንደኛው ከካሴቱ መጀመሪያ ሰከንዶች የተነሣ ክሊፕ ነው፤ ካሜራው ወደ ኋላ ተመልሶ የሚንደረደርበት ቦታ ስለማያገኝ «አልተገኘም» ይላል፤ እሱን በእጅሽ ካፕቸር አድርጊው። ሁለተኛው ቀራጩ በመሀል ባዶ ቦታ ትቶ ታይምኮዱ ከዜሮ የጀመረበት ካሴት ነው፤ አንድ ቁጥር ሁለት ቦታ ስለሚገኝ ፕሮግራሙ የተሳሳተውን ሊያመጣ ይችላል። እዚያም በዓይንሽ እያየሽ መሥራት ነው። ለመሆኑ ሁለቱን ካሴቶች ስታስገቢ የተለያየ ስም ሰጥተሻቸው ነበር? ካልሰጠሻቸው ለየትኛው ክሊፕ የትኛውን ካሴት እንደምታስገቢ አንቺ ማወቅ አለብሽ።

ግን ቆዪ፤ ዲስኩን ሳታስተካክዪ ብትጀምሪ እንደገና 19 ደቂቃ ላይ ትቆሚያለሽ። ያቺ 19 በአጋጣሚ የመጣች አይደለችም። ዲቪ፣ ማለትም የሚኒ ዲቪ ካሴት ቪዲዮ፣ ከነድምፁ በኤቪአይ ፋይል ሲቀመጥ በሰከንድ ወደ 3.8 ሜጋባይት ይበላል፤ በሰዓት 13 ጊጋባይት ገደማ። ዲስክሽ ፎርማት የተደረገው ፋት32 በሚባለው የድሮ የፋይል አደረጃጀት ከሆነ አንድ ነጠላ ፋይል ከ4 ጊጋባይት በላይ እንዲሆን አይፈቅድም፤ የቀረው ቦታ 400 ይሁን 1,000 ግድ የለውም። አራቱን ጊጋ ለ3.8 ሜጋባይት አካፍዪው፤ 19 ደቂቃ ይመጣልሻል። ፕሮግራሙ ግን ይህን አያብራራም፤ «ቦታ የለም» ብሎ ያርፋል። ስለዚህ «ሞልቷል» ሲልሽ ገና ምንም አታጥፊ። መጀመሪያ የቆመውን ፋይል መጠን እዪ። 4 ጊጋ አጠገብ ከሆነ ችግሩ የቦታ ማነስ ሳይሆን ይህ ገደብ ነው። ማረጋገጥ ከፈለግሽ ዲስኩን በቀኝ ክሊክ ነክተሽ ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ፋይል ሲስተም» የሚለውን አንብቢ።

መፍትሔው ዲስኩን ወደ ሌላ አደረጃጀት፣ ወደ ኤንቲኤፍኤስ፣ መቀየር ነው። ኤክስፋትም ትልቅ ፋይል ይይዛል፤ ከማክ ጋር ካልተዋዋስሽ ግን እኔ ኤንቲኤፍኤስን እመርጥልሻለሁ። መብራት በድንገት ሲሄድ የዲስኩን መዝገብ የማዳን አቅሙ የተሻለ ነው። ንጹሑ መንገድ በዲስኩ ላይ ያለውን ሌላ ቦታ ገልብጦ ፎርማት ማድረግ ነው። ያለውን ሁሉ የምታስቀምጪበት ቦታ ከሌለሽ ዊንዶውስ ሳያጠፋ የሚቀይር «ኮንቨርት» የሚባል ትእዛዝ አለው። ኮማንድ ፕሮምፕትን (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) በአድሚኒስትሬተር ክፈቺ፤ በእንግሊዝኛ ፊደል «ኮንቨርት»፣ ክፍት ቦታ፣ የድራይቩ ፊደል ከነሁለት ነጥቡ፣ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ እዝባር፣ «ኤፍኤስ»፣ ሁለት ነጥብ፣ «ኤንቲኤፍኤስ» ብለሽ ጻፊ። የዲስኩን ስም ሊጠይቅሽ ስለሚችል ቀድመሽ እወቂው። እየቀየረ ሳለ ገመዱ እንዳይነቀል፣ የላፕቶፑም ባትሪ ሙሉ ይሁን። የማይተካውን ፋይል ግን እንዲያም ቢሆን አስቀድመሽ ገልብጪው። ያ ዲስክ ከዚያ በኋላ ድሮ ያነበበው ቴሌቪዥን ወይም ዲኮደር ላይ እንቢ ሊል ይችላል፤ ለሥራ ብቻ ያዢው።

ዛሬውኑ መቀየር ካልቻልሽ በካፕቸር መስኮቱ ላይ «ሲን ዲቴክት» የሚለውን አብሪ። ቀራጩ ባቆመበት ሁሉ አዲስ ፋይል ስለሚጀምር ከ4 ጊጋ በታች ትሆኛለሽ። ቀራጩ ሳያቆም ግማሽ ሰዓት የቀዳው ሥነ ሥርዓት ካለ ግን ያው ነው።

የሲ ድራይቭሽ ጉዳይ ለብቻው ነው። እሱ በእውነት ሞልቷል። በ256 ጊጋ የሚሸጥ ላፕቶፕ ዊንዶውስ ላይ 238 ብቻ ያሳያል፤ በላዩ ላይ ሲስተሙና ፕሮግራሞቹ አሉ። ፕሪሚየር ካልነገርሽው ካፕቸሩንም ቅድመ እይታውንም ፕሮጀክቱ ባለበት አቃፊ ያስቀምጣል፤ ፕሮጀክትሽ ዶክዩመንትስ ውስጥ ከሆነ ሲ ላይ ነው ማለት ነው። ፋይል፣ ፕሮጀክት ሴቲንግስ፣ «ስክራች ዲስክስ» ገብተሽ ሁሉንም በተስተካከለው ኤክስተርናል ላይ ወዳለ አንድ አቃፊ አዙሪያቸው። ይህ ለየፕሮጀክቱ የሚደረግ ነው፤ አዲስ በከፈትሽ ቁጥር እዪው። ከዚያ ፕሪፈረንስስ ውስጥ «ሚዲያ ካሽ» የሚለውን ክፈቺ። ከስልክና ከአዳዲስ ካሜራ ለሚመጣ ቪዲዮ ፕሮግራሙ ድምፁን ዘርዝሮ የራሱን ቅጂ ያስቀምጣል፤ ስቴሪዮ ከሆነ በሰዓት 1.4 ጊጋባይት ያህል ነው። በዓመት የሠራሻቸው ሰርጎች ድምፅ ሁሉ እዚያ ተከማችቶ ሊሆን ይችላል። ካሹ ቢጠፋ ጉዳት የለውም፤ ሲያስፈልግ መልሶ ይሠራዋል፤ ዋጋው ፕሮጀክቱን በመጀመሪያ ስትከፍቺ ጥቂት መጠበቅ ነው። ሌላው ቢጠፋ የማያሳስበው የቅድመ እይታ ፋይል ነው፤ ፕሮግራሙ መልሶ ይሠራዋል። የፕሮጀክት ፋይሉንና «አውቶ ሴቭ» አቃፊውን ግን ፈጽሞ አትንኩ፤ ቢጠፉም የሚያስለቅቁት ቦታ ኢምንት ነው።

አንድ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ ከኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ያጠፋሽው ፋይል እዚያው ዲስክ ላይ በተደበቀ የሪሳይክል ቢን አቃፊ ይቀመጣል። ቢኑ ባዶ እስኪደረግ ቦታው አይለቀቅም።

«ፍሬም ጠፍቷል» ያለሽ ምናልባት ከሲ መሙላት የመጣ ነው። ኤስኤስዲ ሲጨናነቅ ይዘገያል፤ ከ15 እስከ 20 በመቶ ባዶ ይኑርበት። ዲቪ ከዛሬ ዲስክ ፍጥነት ጋር ሲነጻጸር ቀርፋፋ ነገር ነው፤ የድሮ ዩኤስቢ 2 እንኳ ያለችግር ይሸከመዋል። ስለዚህ «ዲስክሽ ፈጣን አይደለም፣ አዲስ ግዢ» የሚልሽን ቶሎ አትስሚ። ካፕቸር ስታደርጊ ኢንተርኔቱን አጥፊ፣ ብራውዘሩን ዝጊ፣ የአንቲቫይረሱን ፍተሻ ለሌላ ሰዓት አዛውሪ፣ በፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ዲስኩና ዩኤስቢው እንዳይተኙ አድርጊ። ምስሉ ላይ ካሬ ካሬ ወይም ጭረት ከመጣ ደግሞ ዓይንሽን ወደ ካሜራው ስክሪን መልሺ። እዚያም የሚታይ ከሆነ ኮምፒውተሩ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ የካሜራው ሄድ (ቴፑን የሚያነበው ክፍል) መቆሸሽ ወይም የካሴቱ ነው። ደረቅ ማጽጃ ካሴት በካሜራው መመሪያ ላይ ለተጻፈው ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ለ10 ሰከንድ ገደማ፣ አጫውቺ፤ ካልጠራ አንዴ መድገም ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ግን ሄዱን ይፍቃል። ለዓመታት ያልተነካ ካሴት ከሆነ ከመቅዳትሽ በፊት እስከ መጨረሻው አሳልፈሽ መልሰሽ ጠቅልዪው፤ ቴፑ ይላቀቃል። በዚህ ክረምት ደግሞ ካሜራው ከብርድ ወደ ሙቅ ክፍል ሲገባ ውስጡ ጤዛ ይይዛል፤ አንድ ሰዓት ያህል ይረፍ።

ከስድስቱ አንዱ ካሴት ምስሉ እንቢ ካለሽ ከአሜሪካ በመጣ ካሜራ የተቀዳ እንደሆነ ጋሼን ጠይቂያቸው። የእኛ አገር ካሜራ የቪዲዮ ሥርዓቱ ፓል ነው፤ በሰከንድ 25 ፍሬም። የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ ነው፤ 29.97። ለእሱ የራሱን ፕሮጀክት ክፈቺለት።

ስለ መብራቱ። ካፕቸር እየተደረገ ኃይል ከተቋረጠ የኤቪአይ ፋይሉ ማውጫ ሳይጻፍ ይቀርና ፋይሉ ላይከፈት ይችላል። ባትሪሽ ስንት ደቂቃ ይይዛል? አንድ ሰዓት የሚይዝ ከሆነ ላፕቶፑም ካሜራውም ባትሪያቸው ሞልቶ ጀምሪ፤ መብራት ቢሄድም አይሰማሽም፤ ኤክስተርናሉም ለብቻው ሶኬት ላይ የሚሰካ ካልሆነ ኃይሉን ከላፕቶፑ ይወስዳል። የማይይዝ ከሆነ ካሴቱን በ15 ደቂቃ እየከፈልሽ ቅጂ፤ ቢጠፋ የሚጠፋው አንድ ቁራጭ ብቻ ነው። የፋየርዋየር ገመዱን ስትሰኪም ሆነ ስትነቅዪ ካሜራው ይጥፋ፤ ትልቁ ባለ ስድስት ፒን ጫፍ ኃይል ስለሚያስተላልፍ ተገልብጦ ከተሰካ የካሜራውን ወደብ ያቃጥላል። ካሜራ ካቃጠልሽ ያኔ በእውነት እንጨነቃለን።

አሁን ወደ ጋሼ እንምጣ። ስድስት ካሴት ስድስት ሰዓት ነው፤ ወደ 80 ጊጋባይት። በማታ ሁለት ካሴት ብትቀጂ በሦስት ማታ ያልቃል፤ ለቅንብር ከሁለት ሳምንት በላይ ይቀርሻል። ቀብዱን ብትመልሺ ጋሼ የሚያገኙት 3,000 ብር ነው፤ እሳቸው የሚፈልጉት እሱን አይመስለኝም። ሌላ ሰው ዘንድ ቢሄዱም ካሴቱ ከእንደገና ሊጀመር ነው። ጥግ ይዘሽ ማለፍሽ ግን ሳያሳስባቸው አይቀርም፤ ሰው እንዲህ ሲሸሽ ካሴቱ የተበላሸ ነው የሚመስለው። ነገ ጠዋት ቤታቸው ሂጂና ቁጭ ብለሽ በአጭሩ ንገሪያቸው፦ «ጋሼ፣ ካሴትዎ ደህና ነው። ኮምፒውተሬ ላይ የገለበጥኩት ጠፍቶብኝ እንደገና እየገለበጥኩ ነው። ለሙት ዓመቱ ይደርሳል፤ በሚመጣው ሳምንት የጨረስኩትን ላሳይዎ እመጣለሁ።» ስለ ፋት32 አታውሪባቸው፤ ስለ ወንድምሽም አታንሺ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ቅር ካላቸውና ካሴቱን እንውሰድ ካሉ ያኔ ቀብዱን መመለስ ተገቢ ነው።

ወንድምሽን በተመለከተ አንድ ነገር አስቢልኝ። ያን ቀን ያስቆጣሽ የፋይሉ መጥፋት ነበር ወይስ ጋሼ ፊት የመዋረድ ፍርሃት? ልጁ ቀይ የሆነ ዲስክ አየ፤ የትኛው አቃፊ እንደሚነካና እንደማይነካ የነገረው ሰው ግን ነበር ወይ? ጥፋት የለበትም ማለቴ አይደለም፤ ሳይጠይቅ ማጥፋቱ ስሕተት ነው። የተናገርሽው ግን ከስሕተቱ በላይ ከሆነ ይቅርታውን የምትጀምሪው አንቺ ነሽ። ባች ካፕቸሩ ሲጀመር ጥሪው፤ ካሴት የሚያቀብል ሰው ያስፈልጋል፤ ሁለት ሰዓት አንድ ስክሪን እያዩ ደግሞ ማኩረፍ ከባድ ነው። እግረ መንገዳችሁን ኤክስተርናሉ ላይ «አይነካ» የሚል አቃፊ ክፈቱና የካሴት ቅጂ ሁሉ እዚያ ይግባ። ደንቡ አንድ ይሁን፤ ከዚያ ውስጥ አንድ ፋይል የሚጠፋው ደንበኛው ፍላሹን ወስዶ ካየና ሁለተኛ ቅጂ ሌላ ዲስክ ላይ ካለ በኋላ ነው። ለጋሼም ያልተቆረጠውን ሙሉ ቅጂ በ128 ጊጋ ፍላሽ ብትሰጪያቸው ደግ ነው። ፍላሹን በኤክስፋት ፎርማት አድርጊው።

ለቴሌቪዥን የምታወጪው ግን ሌላ ፍላሽ ይሁን፤ ብዙ ቴሌቪዥን ፋት32 ብቻ ያነባል፤ ያው የ4 ጊጋ ገደብ እዚያም ይጠብቅሻል። ቪዲዮ በሚጨምቀው በኤች.264፣ በሰከንድ 8 ሜጋቢት አድርገሽ ካወጣሽው አንድ ሰዓት 3.6 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ 70 ደቂቃ አካባቢ ላይ ሞላ ማለት ነው። ስለዚህ ከአንድ ሰዓት በማይበልጡ ክፍሎች አውጪው። ሙት ዓመቱ ሳይደርስም ፍላሹን ይዘሽ ጋሼ ቤት ሂጂ፤ የዚያን ቀን በሚታይበት ቴሌቪዥን ላይ ሰክተሽ ከየክፍሉ የመጨረሻዋን ደቂቃ አጫውቺ። ተቆርጦ ከሆነ የሚታወቀው እዚያ ነው።